ዮሐን ፍሪድሪኽ ሜክልና በሆድ ውስጥ የሚገኘው ያልታሰበ ነገር

በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጡትም ነገሥታት፣ የጦር አለቆች ወይም አንድ ታላቅ መሣሪያ የፈለሰፉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት አገር ያልገዛ፣ ጦር ያልመራ፣ መሣሪያም ያልፈለሰፈ ሰው ነው። ስሙ ዮሐን ፍሪድሪኽ ሜክል ይባላል። በገበያና በመንገድ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ በሐኪሞች ዘንድ ግን እጅግ የታወቀ ነው። ከሞተ ወደ 200 ዓመት የተጠጋው ይህ ሰው፣ በእኛ ዘመን ውፍረት ለመቀነስ በሚደረገው ቀዶ ጥገና ጊዜ ስሙ ይነሣል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለውድ አንባብያን በቅደም ተከተል እገልጻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜክል የተወለደው በጀርመን አገር በዛሌ ወንዝ ዳር ባለችው በሃሌ ከተማ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1781 ነው። የተወለደበት ቤት እንደ ሌላው ሰው ቤት አልነበረም። አያቱ፣ ስሙም እንደ እርሱ ዮሐን ፍሪድሪኽ፣ በበርሊን የአናቶሚ ማለት የአካል ክፍሎች ትምህርት መምህር ነበረ። አባቱ ፊሊፕ ቴዎዶር ሜክልም በሃሌ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ፣ የቀዶ ጥገናና የማዋለድ ጥበብ መምህር ነበረ። አያትየው ለትምህርት እንዲሆን የሰውንና የእንስሳትን የአካል ክፍሎች መሰብሰብ ጀመረ፤ አባትየውም ስብስቡን አስፋፋው። ስለዚህ ሌሎች ልጆች በመጫወቻ መካከል ሲያድጉ፣ ይህ ልጅ በአጥንትና በመስተዋት ዕቃ በተቀመጡ የአካል ክፍሎች መካከል አደገ። በልጅነቱ አባቱን በምርመራው ሥራ እንዲረዳ ይታዘዝ ስለ ነበር ሥራውን ይጠላው ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ የጠላው ሥራ ኋላ የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

ሜክል ትምህርቱን በሃሌና በጐቲንገን ዩኒቨርሲቲዎች ተከታትሎ በ1802 የሕክምና ዶክቶር ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፉም ከተለመደው አፈጣጠር ስለ ተለዩ ልቦች ነበር። ገና በ20 ዓመቱ ሐሳቡ ወደየት እንዳዘነበለ ከዚህ ይታወቃል። ሌላው ሰው ትክክለኛውን ልብ ሲያጠና፣ እርሱ ከትክክለኛው የተለየውን ማጥናት መረጠ።

በ1803 አባቱ ሞተ። አባትየው ሲሞት አስከሬኑ እንዲመረመርና አጽሙም ከስብስቡ ጋር እንዲቀመጥ ተናዝዞ ስለ ነበር እንደ ኑዛዜው ተፈጸመ። ሙታንን በክብር ለመቅበር ለለመድነው ለእኛ አገር ሰዎች ይህ ሲሰሙት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ነገር ግን አባትየው ሌሎች ሰዎች ለትምህርት እንዲሆኑ የጠየቀውን ነገር በራሱ ላይ እንዳይደረግ አልከለከለም። በዚህም ለልጁ ትልቅ ምሳሌ ትቶለት ሄደ ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ በኋላ ሜክል ወደ ፓሪስ ሄዶ ኩቪዬ ከተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ሊቅ ዘንድ ሠራ። ኩቪዬ የእንስሳትን የአካል ክፍሎች እርስ በርስ በማነጻጸር ዝነኛ የሆነ ሰው ነበር። ሜክልም ያንን የማነጻጸር ዘዴ ከእርሱ ተማረ፤ መጽሐፉንም ወደ ጀርመንኛ ተረጐመ። ኋላም የጀርመኑ ኩቪዬ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

በ1806 ወደ አገሩ ሲመለስ ያገኘው ሰላም አልነበረም። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን፣ ሜክል 25 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ የናፖሌዎን ሠራዊት በሃሌ ከተማ ተዋግቶ ከተማይቱን ያዘ። ናፖሌዎንም በሜክል ቤተ ሰብ ቤት ውስጥ ሰንብቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ዘጋው፤ ተማሪዎቹም ተበተኑ። እንደገና የተከፈተው በ1808 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሜክል በአባቱ ወንበር ተተክቶ የአናቶሚና የቀዶ ጥገና መምህር ሆነ። ዕድሜውም ገና 27 ዓመት ገደማ ነበር።

ወደ ዋናው ሥራው ከመሄዴ በፊት በዚያ ዘመን ሰዎች ያስቡት የነበረውን መግለጥ ያስፈልገኛል። ከተለመደው መልክ ተለይቶ የተወለደ ሕፃን በታየ ጊዜ ብዙው ሕዝብ ነገሩን የመቅሠፍት ምልክት ያደርገው ነበር። ሌሎችም ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ይጥሉ ነበር፤ በእርግዝናዋ ጊዜ አንድ የሚያስፈራ ነገር ስላየች ወይም ክፉ ስላሰበች ነው ይሉ ነበር። ከተማሩት ሰዎች መካከልም እንዲህ ብለው የሚያምኑ አልጠፉም። ስለዚህ አንድ ሕፃን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ወይም ጣቱ ተጣብቆ ሲወለድ፣ ሐዘኑ በወላጆቹ ላይ ሳያንስ እፍረትና ወቀሳ ይጨመርባቸው ነበር።

ሜክል በ1809 ያሳተመው ጽሑፍ በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ነገር የሚመለከት ነበር። በአንዳንድ ሰዎች ቀጭን አንጀት ላይ፣ አንጀቱ ከወፍራሙ አንጀት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የጣት ጫፍ የምትመስል ከረጢት ትገኛለች። ከረጢቷን ከእርሱ በፊት ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ፋብሪሲዩስ ሂልዳኑስ የተባለው የጀርመን ሐኪም በ1598 ስለ እርሷ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ከየት እንደ መጣች በሚገባ ያስረዳ አልነበረም።

ሜክል ብዙ ከረጢቶችን እየሰበሰበ እርስ በርሳቸው አነጻጸራቸው። ከረጢቷ ሁልጊዜ በአንጀቱ ላይ በአንድ አካባቢ ትገኛለች፤ በሽታ ያመጣት ብትሆን ኖሮ ግን በየትም ቦታ ልትወጣ ትችል ነበር። ግድግዳዋም እንደ አንጀቱ ግድግዳ ያለ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ ጊዜ ከእምብርት ጋር በቀጭን ጅማት ታስራ ትገኛለች። ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ ይህች ከረጢት ከፅንስ ጊዜ የቀረች ቅሪት መሆኗን አስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በእናቱ ማሕፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳለ፣ አንጀቱ በእምብርቱ በኩል በሚያልፍ ቀጭን ቧንቧ ከአንዲት የአስኳል ከረጢት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቧንቧ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ይዘጋና ይጠፋል። በአንዳንድ ሰው ግን በሙሉ ሳይጠፋ ይቀርና በአንጀቱ ላይ ያለው ጫፍ ከረጢት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ያ ሰው በአካሉ ላይ የተጨመረበት እንግዳ ነገር የለም፤ ሁላችንም የነበረንን ነገር እርሱ ሳይጥለው ቀረ እንጂ። በዛሬው ጊዜ ይህች ከረጢት በዓለም ሁሉ በሜክል ስም ትጠራለች።

ከዚህች ትንሽ ከረጢት የተነሣው ሐሳብ ግን ትልቅ ነበር። ሜክል ከ1812 ጀምሮ ባሳተመው የበሽታ አናቶሚ መጽሐፉ፣ ከተወለዱ ጀምሮ የሚታዩ ልዩ ልዩ የአፈጣጠር ለውጦች ብዙዎቹ ዕድገት በመንገድ ላይ ከመቆሙ የሚመጡ መሆናቸውን አስተማረ። በፅንስ ጊዜ የሁሉም ሰው የላይ ከንፈርና ላንቃ ከተለያዩ ክፍሎች ተጋጥሞ ይሠራል፤ ሳይጋጠም ሲቀር የተሰነጠቀ ከንፈር ወይም ላንቃ ይሆናል። በ1817 ደግሞ ስለ አንጀት አፈጣጠር ጻፈ። አንጀት በፅንስ ጊዜ ወደ እትብቱ ወጥቶ ያድግና፣ እንደ ገመድ እየዞረ ወደ ሆድ ተመልሶ በቦታው ይቀመጣል። ዙሩን ሳይጨርስ ከቀረ አንጀቱ በሙሉ ይኖራል፤ አቀማመጡ ግን ከሌላው ሰው ይለያል።

ሜክል በእንስሳት ላይም ብዙ ሠርቷል። በአውስትራልያ የሚኖረው፣ እንቁላል የሚጥለው ፕላቲፐስ የተባለው እንስሳ የጡት እጢ እንዳለው በ1824 ያሳወቀ እርሱ ነው። ነገር ግን ሊቅ ሁሉ ሰው ነውና ከስሕተት አላመለጠም። የሰው ፅንስ ሲያድግ የበታች እንስሳትን መልክ በተራ እየያዘ ያልፋል ብሎ ያምን ነበር። ፎን ቤር የተባለው የፅንስ ሊቅ በ1828 ይህ ትክክል አለመሆኑን አስረዳ። ፅንሶች በመጀመሪያ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ያደገ መልክ ይዞ አያልፍም። የሜክል ታላቅ ሐሳብ ይህ ክፍሉ ቢወድቅም፣ ዕድገት በመንገድ ላይ ሊቆም ይችላል የሚለው ክፍሉ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆሟል።

ሜክል በተወለደባት ከተማ ኦክቶበር 31 ቀን 1833 በ52 ዓመቱ ሞተ። ልጅ አልነበረውም። ሦስት ትውልድ የደከመበትን ስብስብ የፕሩሲያ መንግሥት በ1836 ገዛው፤ ዛሬም በሃሌ ዩኒቨርሲቲ በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎች ያሉበት ሆኖ ተጠብቆ ይገኛል። የአባቱም አጽም በዚያው አለ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ውፍረት ለመቀነስ ከሚደረገው ቀዶ ጥገና ጋር ምን አገናኘው? ትል ይሆናል አንባቢ። በዛሬው ጊዜ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውና በእርሱም ምክንያት በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በጉልበት ሕመም የሚቸገሩ ሰዎች በቀዶ ጥገና ይታከማሉ። ከዘዴዎቹ አንዱ ጨጓራውን ከላይ በኩል ቆርጦ የዶሮ እንቁላል የምታህል ወይም ከዚያ ያነሰች ከረጢት ማድረግ፣ ከዚያም ቀጭኑን አንጀት ቆርጦ ወደ ላይ በመሳብ ከእርሷ ጋር መስፋት ነው። አንጀቱ የሚጋጠምበት መልክ በስዊዘርላንድ የሎዛን ከተማ ሐኪም በነበረው በሴዛር ሩ ስም ይጠራል። ሐኪሙ ይህን የሚሠራው ሆዱን በሰፊው ከፍቶ ሳይሆን፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ነው። ቀጭኑ አንጀት ብዙውን ጊዜ 6 ሜትር ያህል ቢሆንም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ስለዚህ ሐኪሙ በመሣሪያው ጫፍ እየያዘ፣ ልክ ሸማኔ ክሩን እንደሚለካ፣ አንጀቱን በስንዝር በስንዝር ይለካዋል።

ያልታሰበው ነገር የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ሳያውቃት የኖረችው የሜክል ከረጢት ድንገት በመስኮቱ ላይ ትታያለች። ወይም ሐኪሙ የአንጀቱን መጀመሪያ በግራ በኩል ሲፈልግ ያጣዋል፤ አንጀቱ ዙሩን ሳይጨርስ ቀርቶ በሙሉ በስተቀኝ ተከማችቶ ያገኘዋል። አልፎ አልፎም ጉበት በግራ፣ ጣፊያም በቀኝ የሆነበት፣ አካሉ በመስተዋት እንደሚታይ የተገለበጠ ሰው ያጋጥማል። የፅንስን ዕድገት ያልተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ግራ ይገባዋል። የተማረው ሐኪም ግን እጁን ይገታል፣ መንገዱን መልሶ ይመረምራል፣ እንደ ሁኔታውም የሥራውን ዕቅድ ይለውጣል።

የሕክምና ተማሪዎች የሜክልን ከረጢት የሚያስታውሱት በሁለት ቁጥር ነው። ከ100 ሰዎች በ2ቱ ገደማ ትገኛለች፤ ከቀጭኑ አንጀት መጨረሻ 2 ጫማ ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ርዝመቷም 2 ኢንች ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪዎች ቢኖሩ ከመካከላችን አንዱ ሳያውቅ ይዟት ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሰዎች አንድም ቀን ሳታሳምማቸው ይኖራሉ። በጥቂቶች ላይ ግን ትደማለች፣ ትቈስላለች ወይም አንጀት ትዘጋለች፤ የትርፍ አንጀት ሕመምም መስላ ሐኪም ታሳስታለች።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያነሣሣኝ በቤተ ሰባችን የደረሰ ነገር ነው። በአንድ የዓረብ አገር ለብዙ ዓመታት በሥራ የኖሩ አክስት አሉኝ። ውፍረታቸውና የስኳር በሽታቸው ስለ ጸናባቸው በዚያው አገር ይህ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙም አንጀታቸውን ሲለካ የሜክልን ከረጢት አገኘ። ለስላሳና ጉዳት የሌላት መሆኗን አይቶ ሳይነካት ተዋት፤ ወደ ፊት ለሚያክማቸው ሐኪም ሁሉ እንዲናገሩም አስጠነቀቃቸው። አክስቴ ከቀዶ ጥገናው በደኅና ወጡ። ነገር ግን ወሬው በስልክ ወደ እኛ ቤት ሲደርስ ሴት አያቴ እንቅልፍ አጡ።

አያቴ የጨነቃቸው የልጃቸው ሕመም ብቻ አልነበረም። ነገሩ ከተወለዱ ጀምሮ የነበረ ነው መባሉን ሲሰሙ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው መለሱት። አክስቴን እርጉዝ ሳሉ በቀትር ብቻቸውን ወንዝ ወርደው ውሃ እንደ ቀዱ አስታወሱ፤ ያን ጊዜ የለከፈኝ ነገር ነው በልጄ ሆድ የቀረው ብለው አመኑ። ከ50 ዓመት በላይ ያለፈውን አንድ ቀን እያነሡ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ብታጽናናቸውም አልሆነም። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁላቸው፤ ነገር ግን የጀርመን ሊቅ ነገር ለአያቴ ሩቅ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ወንድሜ ዶሮ አርዶ እናቴ ስትበልት አንጀቱን እንድትሰጠኝ ለመንኋት። አጥቤ በትሪ ላይ ዘረጋሁትና ከአንድ ጫፍ ጀምሬ በጣቴ ተከተልሁት። ወደ መካከሉ ስደርስ ከስንዴ ፍሬ ጥቂት የምትበልጥ ጕጥ አገኘሁ። በአእዋፍ ዘንድ ይህች ቅሪት የተለመደች ናት። ጫጩት ከመፈልፈሉ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባዋል፤ አስኳሉም ያልቅና የተያያዘበት ቦታ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። አያቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ዶሮ ሲያረቡና ሲበልቱ የኖሩ ናቸውና ጕጧን ወዲያው ዐወቋት። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት አንድ ሁለት ቀን ምንም ሳይበላ እንደሚቆይም ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ። እኔ የጨመርሁት፣ ሰውም በመጀመሪያው እንደዚሁ የአስኳል ከረጢት እንዳለው፣ የአክስቴም ከረጢት የዚያ ምልክት መሆኗን፣ ከወንዝም ከቀትርም እንዳልመጣች ብቻ ነው።

አያቴ ጕጧን በጣታቸው እየነኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ሁሉም ሰው ይህ ነገር ነበረው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ እኔም እርስዎም ነበረን አልኋቸው። በማግሥቱ ለአክስቴ ስልክ እንዲደወልላቸው አዘዙ፤ ስለ ከረጢቱም ምንም ሳያነሡ ስለ በዓሉና ስለ ጾም አፈታቱ ብቻ አወሩ። የወንዙን ነገር ከዚያ ወዲህ ሲያነሡት አልሰማሁም።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ ሜክል አንድም ቀን ስለ ውፍረት ቀዶ ጥገና አላሰበም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዘመኑ አልነበረምና። እርሱ የሠራው ሌሎች እንደ ነውር የሸሸጉትን ወይም እንደ ተአምር ያዩትን ነገር አጠገቡ አስቀምጦ በትዕግሥት መመልከትና ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነበር። ከዚያ ትዕግሥት ሐኪሞች መንገዳቸውን አገኙ፤ እናቶችም ከማይገባ ወቀሳ የሚድኑበት ዕውቀት ተገኘ። በአገራችንም ከንፈሩ ወይም እግሩ ከሌላው ተለይቶ የተወለደ ልጅ ከጎረቤት ዓይን የሚሸሸግበት ቤት ዛሬም አልጠፋም። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንለያይ ሁሉ፣ ሐኪም የምንሆነውም የማንሆነውም፣ እንዲህ ያለውን ቤት ስናገኝ ልጁ ወደ ሐኪም እንዲወሰድ እንምከር፤ እናቲቱንም ምን አደረግሽ ብለን አንጠይቃት።